በትንሽ ክፍል ውስጥ ለ5.1 ሰራውንድ ሚክስ ስፒከሮችን በልክ ማስቀመጥ

በጎንደር የሠርግ፣ የበዓልና የዘጋቢ ፊልም ድምፅ የሚቀናበርበት ስቱዲዮ ብዙ ጊዜ ለመኖሪያ ታስቦ የተሠራ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ይሆናል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ በ5.1 ሚክስ፣ ማለትም አድማጩን በሚከቡ አምስት ስፒከሮችና ቤዝ ብቻ በሚያሰማ አንድ ሰብዉፈር በሚደመጥ የድምፅ ቅንብር፣ ለመሥራት የተነሣ ሰው ስለ ስፒከሮቹ ዓይነትና ዋጋ ከመጨነቁ በፊት የሚቆሙበትን ቦታ በሜትር ለክቶ ሊወስን ይገባዋል።

ለዚህ መነሻ የሚሆነው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣውና ከዚያ ወዲህ ያሻሻለው ቢኤስ 775 የተባለው ሰነድ ነው። በሰነዱ መሠረት አምስቱም ስፒከሮች ከአድማጩ እኩል ርቀት ላይ፣ ማለትም በአንድ ክብ መስመር ላይ ይቆማሉ፤ ሴንተሩ ከፊት ለፊት በ0 ዲግሪ፣ ግራና ቀኙ በ30 ዲግሪ፣ ሁለቱ ሰራውንዶች (የጎን ስፒከሮች) ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ይውላሉ። ሰራውንዶቹን ከኋላ ግድግዳ ጥግና ጥግ ላይ መስቀል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን 110 ዲግሪ ማለት ከጆሮ ትንሽ ወደ ኋላ ያለፈ ጎን እንጂ ጀርባ አይደለም። ከ135 እስከ 150 ዲግሪ ያለው ቦታ ሰባት ስፒከር ያለው የ7.1 ሥርዓት የኋላ ስፒከሮች ድርሻ ነው። ሰራውንዶቹ ወደ ጥግ ሲሸሹ በፊትና በጎን መካከል ባዶ ስፍራ ይፈጠራል፤ በጥምቀት ዕለት በአፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ የተቀረፀ የሕዝብ እልልታ ከፊት ከሚሰማው ከበሮ ተቆርጦ ከጀርባ ብቻ ይመጣል፣ ሠሪውም ይህን ለማካካስ የሰራውንዱን መጠን ያለ ልክ ከፍ ያደርጋል።

4 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ርዝመት ያለውን ክፍል እንውሰድ። አስቀድሞ የሚወሰነው የመቀመጫው ቦታ ነው። ከፊት ግድግዳ የርዝመቱ 38 በመቶ፣ እዚህ ላይ 1.90 ሜትር ገደማ፣ ጥሩ መነሻ ነው፤ የክፍሉ ትክክለኛ መካከል ግን አንዳንድ የቤዝ ድምፆች ከሞላ ጎደል የሚጠፉበት ቦታ ስለሆነ ሊቀመጡበት አይገባም። ከመቀመጫው እስከ ስፒከር ያለው ርቀት 2 ሜትር ቢሆን በተመረጠ ነበር፤ ሆኖም በ2 ሜትር ርቀት በሁለቱ ሰራውንዶች መካከል 3.76 ሜትር ስለሚያስፈልግ ስፒከሮቹ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃሉ። ስለዚህ ለዚህ ክፍል 1.50 ሜትር ይሻላል።

ሲባጎ፣ ጠመኔና ሜትር ካለ ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግም። የሲባጎውን አንድ ጫፍ በመቀመጫው ነጥብ ላይ አጥብቀው በ1.50 ሜትር ልክ ወለሉ ላይ ክብ ያስምሩ። ክቡ ከክፍሉ መካከለኛ መስመር ጋር ከፊት የሚገናኝበት፣ ከፊት ግድግዳ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚውለው ነጥብ የሴንተሩ ቦታ ነው። ከዚያ ነጥብ በቀጥታ 78 ሳንቲ ሜትር ለክተው ክቡ ላይ በግራም በቀኝም ምልክት ያድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 1.50 ሜትር ካልሆነ ስሕተት አለና እንደገና ይለኩ። ከግራው ምልክት ወደ ኋላ 1.93 ሜትር ሲለኩ የግራ ሰራውንድ ይገኛል፤ የቀኙም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ሰራውንዶች በ2.82 ሜትር ከተራራቁ ሥራው ተሳክቷል። የሚለካው የስፒከሩ ፊት እንጂ የሳጥኑ ጀርባ አይደለም።

ከፍታን በተመለከተ ትዊተሩ (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ትንሹ ክፍል) በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ፣ ከወለሉ 1.20 ሜትር ገደማ ላይ ይሁን። ለስታንድ ብዙ ወጪ ማውጣት አያስፈልግም፤ ብየዳ ቤት በልክ የሚያሠሩትና በደረቅ አሸዋ የሚሞሉት የብረት ቱቦ ከብዙ ቀላል ስታንዶች ያነሰ ይንቀጠቀጣል። ቴሌቪዥኑ ሴንተሩን ካስቸገረ ሴንተሩ ከሥሩ ሆኖ ፊቱ ወደ ጆሮ ቀና ይበል። ሴንተሩ ከግራና ቀኙ ጋር በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ እንዲቆም ከተገደደ ግን ወደ አድማጩ 20 ሳንቲ ሜትር ስለሚቀርብ 0.6 ሚሊሰከንድ ያህል ማዘግየት ይገባል። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗም ይህን ስሌት አይለውጠውም፤ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ ግፊቱ አይደለም።

ሰብዉፈሩ ከክቡ መስመር ነፃ ነው። ቦታውን ለማግኘት ራሱን ሰብዉፈሩን መቀመጫው ላይ አስቀምጠው የቤዝ ዜማ ያጫውቱና በግድግዳው ሥር ዝቅ ብለው እየተዘዋወሩ ያድምጡ፤ የቤዝ ኖታዎቹ ሁሉ እኩል የሚሰሙበት ቦታ ላይ ያኑሩት። በሥርዓቱ ውስጥ ያለው ነጥብ አንድ፣ ማለትም ለዝቅተኛ የቤዝ ድምፆች ብቻ የተለየው የኤልኤፍኢ ቻናል፣ እስከ 120 ኸርዝ ብቻ ይሸከማል፤ ሲጫወትም በዚያው ክልል ከሌሎቹ ቻናሎች በ10 ዴሲቤል ከፍ እንዲል ተደርጎ ይስተካከላል። ይህን ጭማሪ የዘነጋ ሰው ቤዙን ሚክሱ ውስጥ ያበዛዋል።

በመጨረሻ የድምፅ መጠን ይለካል። የድምፅ መለኪያውን በጆሮ ቦታ አድርገው ሲ በሚባለው ሚዛንና በዝግታ ንባብ ላይ ያኑሩት፤ ከዚያም በዲጂታል ከከፍተኛው መጠን በ20 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ፒንክ ኖይዝ (ለመለኪያ የሚያገለግል የማያቋርጥ የሹሹታ ድምፅ) በእያንዳንዱ ስፒከር በተራ ይልቀቁ። ለትልቅ የሲኒማ አዳራሽ የሚታወቀው 85 ዴሲቤል ለእንዲህ ያለ ክፍል ይከብዳል፤ ለሁሉም 79 ዴሲቤል በቂ ነው። ይህ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ሰዓት የሚሠራ አይደለም፤ ጠዋት፣ መንገዱ ሳይነቃ ይለኩ። ባዶ ሴራሚክ ላይ ወፍራም ምንጣፍ፣ ከግራና ከቀኝ ግድግዳ ላይም የፊት ስፒከሮች ድምፅ በሚነጥርበት ቦታ ወፍራም ብርድ ልብስ ከግድግዳው ጥቂት ራቅ አድርጎ መስቀል ጭምር ይረዳል፤ ቤዙን ግን ብርድ ልብስ አያስቆመውም።

የተጠናቀቀውን ሥራ ተመልካቹ በአብዛኛው በሁለት ስፒከር ወይም በስልክ ስለሚሰማው፣ ሚክሱን ወደ ስቴሪዮ ዝቅ አድርገው ሳያዳምጡ አያስረክቡ። በዚያው ሰነድ ቀመር መሠረት ሴንተሩ በ3 ዴሲቤል ቀንሶ ወደ ሁለቱም ወገን ይገባል፣ ሰራውንዶቹም በዚሁ መጠን ቀንሰው እያንዳንዳቸው ወደየወገናቸው ይጨመራሉ።