የሰፈራችሁን የቀድሞ ወታደሮች ለአደጋ ጊዜ እንዴት ታደራጃላችሁ፦ ከጅማ የተማርነው

የመጀመሪያውን ልምምድ ያደረግን ቀን ሰፈርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ጥፋቱ የኛ ነበር። ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ብለን የእድሩን ጡሩምባ አስነፋን። ጡሩምባ ደግሞ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው፣ ይሄንን ሕፃን ልጅም ያውቃል። አንዲት እናት «ማን ነው? ማን ነው?» እያሉ በባዶ እግራቸው መጡ። እስከዛሬ በደንብ አልታረቅንም። እናንተ ይሄ እንዳይደርስባችሁ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። አዌቱ ወንዝ ከተማውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል። ክረምት ላይ ቦዩ በፌስታልና በጫት ገረባ ከተደፈነ ውሃው ፈቃድ አይጠይቅም፣ ቤት ይገባል። እሳት ሲነሳ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ያለው መንገድ መኪና አያሳልፍም። እርዳታ እስኪደርስ ያለው ሰዓት የጎረቤት ሰዓት ነው፣ ያንን ሰዓት የሚመራ ከሌለ ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም ያዛል፣ ማንም አይሰማም። መታዘዝና ማዘዝ የሚያውቁት ሰዎች ግን እዚያው ሰፈር ቡና ላይ ተቀምጠው ያወጋሉ፣ የቀድሞ ወታደሮቹ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ የባህር ዳርቻ ጥበቃ ከ1939 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የበጎ ፈቃደኞች ረዳት ኃይል አለው። ዩኒፎርም ይለብሳሉ፣ በፍለጋና በነፍስ አድን ሥራ ያግዛሉ፣ ሰው የማሰር ሥልጣን ግን የላቸውም። ቲም ሩቢኮን የሚባለውን የአደጋ ጊዜ እርዳታ ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው የመሠረቱት። እኛ ጀልባም አውሮፕላንም የለንም። እድር አለን።

መጀመሪያ ሰዎቹን ፈልጉ። ማስታወቂያ አትለጥፉ፣ አይመጡም። ቤታቸው ሂዱ፣ በማዕረጋቸው ጥሯቸው። «ሃምሳ አለቃ፣ እንደምን ዋሉ?» ሲባሉ ወገባቸው ቀና ሲል ታያላችሁ። የትኛው መንግሥት ጊዜ እንዳገለገሉ ግን አትጠይቁ። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት የተመለሱ አሉ፣ ከዚያ በኋላ ያገለገሉም አሉ፣ ወሬው እዚያ ከገባ ስብሰባው አበቃለት። «ሥራዎ ምን ነበር?» በሉ። ሬዲዮ፣ ሕክምና፣ መካኒክ፣ ወጥ ቤት፣ ንብረት ክፍል። ለዚህ ሥራ ከተኳሽ ይልቅ ንብረት ክፍል የነበረ ሰው ይሻላል፣ የምሬን ነው። አካፋው የት እንዳለና ማን ወስዶ እንዳልመለሰ የሚያውቅ እሱ ነው።

ከዚያ አዲስ ማህበር አታቋቁሙ። እድር ውስጥ ግቡ። ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ መዝገብ አለው፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ ከሁሉም በላይ ሰው ያምነዋል። ከዳኛው ጋር ከተስማማችሁ በኋላ ለቀበሌና ለፖሊስ በደብዳቤ አሳውቁ፣ ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ያዙ። ይሄን አትዝለሉት። አራት ሽማግሌ ሌሊት ባትሪ እያበሩ ሲዞሩ የሚያይ ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል አስቡት።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ደብተሩ። ለአንድ ሰው አሥር ቤት ስጡ። በየቤቱ ስንት ሰው ያድራል? ብቻውን መራመድ የማይችል አለ? ነፍሰ ጡርስ? ፍሪጅ ውስጥ ኢንሱሊን የሚያስቀምጥ? የመብራት ቆጣሪው የት ነው፣ ሲሊንደሩስ? ብሔርና ሃይማኖት አትጻፉ፣ ለጎርፍ አይጠቅምም፣ ለሌላ ነገር ግን ሊውል ይችላል። ደብተሩ አንድ ሰው ጋ ይቀመጥ፣ ስልክ ላይ ፎቶ አንስቶ ማሰራጨት ክልክል ይሁን። የኛን ደብተር የያዙት አስር አለቃ በፌስታል ሁለት ጊዜ ጠቅልለው በር አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅለውታል። እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል። አደጋ ሲደርስ ሰው ይቆጠራል፣ የተገኘው ስሙ ላይ ምልክት ይደረግበታል፣ ምልክት የሌለው ይፈለጋል። ልክ እንደ ጦር ሰፈር።

ምልክቱ ጡሩምባ አይሁን፣ ነገርኳችሁ። እኛ ፊሽካ መረጥን፣ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ። የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ከፈቀዱላችሁ ያግዛል። መልእክቱ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይነገር፣ አጭር ይሁን፦ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ሰው ወዴት ይሂድ። የሚናገረውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እሱም በዓይኑ ያየ ሰው ደውሎ ሳያረጋግጥለት ትንፍሽ አይበል። የሀገር ጸጥታ የሚባለው ነገር ሰፈር ድረስ ሲወርድ ግማሹ ይሄ ይመስለኛል፣ ወሬ ከእሳት በላይ ይዛመታላ።

የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ከቀይ መስቀል ጠይቁ። ወታደሮቹ እናውቃለን ይላሉ፣ ያውቃሉም፣ ግን የዛሬ አርባ ዓመት የተማሩትን ነው። የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ይጫናል፣ በየደቂቃው እያነሱ ማየት የለም። ቃጠሎ ላይ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፈስበታል፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና በፍጹም። ቃሬዛ መግዛት አያስፈልግም፣ ሁለት የድንኳን ዘንግና ጠንካራ ብርድ ልብስ ይበቃል። መጀመሪያ ግን ጤነኛ ሰው አስተኝታችሁ ሞክሩት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። የእሳት አደጋውን ቀጥታ ስልክ ጣቢያው ድረስ ሄዳችሁ ውሰዱና ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉት።

አንድ ከባድ ነገር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን መሬት ሲናድ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት ጎረቤቶች ሁለተኛው ናዳ ጫናቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ስለዚህ ከቡድናችሁ አንዱ ምንም አይቆፍር፣ ምንም አይሸከም። ቆሞ ዳገቱን፣ ውሃውን፣ የመብራት ሽቦውን ብቻ ይይ። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ይውጣ፣ ክርክር የለም። ለዚህ ቦታ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፣ ሁሉም ጀግና መሆን ይፈልጋል። እኛ ጋ የተሰጠው ከሁሉም በላይ ለሚከበሩት ሻምበል ነው፣ ሌላ ሰው ቢሆን ማንም አይሰማውም ነበር።

የማይነካውንም ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። መሣሪያ የለም። ኬላ የለም። ሰው መፈተሽና መያዝ የለም፣ የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ ለፖሊስ ደውሉ። የፖለቲካ ስብሰባ ላይ በቡድኑ ስም መገኘት የለም። አንዱ ይሄን ከጣሰ በማግስቱ እድሩ ይበተናል።

ልምምዱን ዝናቡ ሳይበረታ ሚያዝያ ላይ አድርጉት፣ ከሳምንት በፊት ለሰፈሩ ተናግራችሁ። ሲያልቅ ቡና ይፈላ፣ ምን እንደተበላሸ የሚወራው እዚያ ነው። ፊሽካውንም ከልጆች ደብቁ፣ የኛው በሦስተኛው ቀን ኳስ ሜዳ ዳኛ አንገት ላይ ነው የተገኘው።