ትሮፖኒን ከፍ ሲል፦ በቫይረስ ሕመም የተኙ አረጋውያንን የልብ ምርመራ ውጤት እንዴት እናንብብ

በኢንፍሉዌንዛ፣ በኮቪድ ወይም በሌላ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ታመው የተኙ አዛውንት ትሮፖኒናቸው (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን) ከፍ ብሎ ሲመጣ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። አንዱ ቁጥሩን አይቶ ወዲያው «ሃርት አታክ ነው» ብሎ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬልና ሄፓሪን መደርደር ነው። የ80 ዓመት ሰው ላይ ይህ የጨጓራ ወይም የጭንቅላት ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። ሌላው «ኢንፌክሽኑ ነው ያመጣው» ብሎ ውጤቱን ቻርቱ ውስጥ አጥፎ ማለፍ ነው። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ቁጥር ላይ ምርመራ ለመጨረስ ከመቸኮል ነው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ መጎዳቱን እንጂ ለምን እንደተጎዳ አይናገርም። ምክንያቱን የሚያሳየው ሁለተኛው የደም ናሙና፣ ኢሲጂው (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚስለው ምርመራ) እና በሽተኛው ራሱ ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከዉሃን በወጣ የ416 የኮቪድ ታካሚዎች ጥናት የልብ ጉዳት ከታየባቸው 82 ሰዎች 51.2 በመቶው ሲሞቱ፣ ካልታየባቸው የሞቱት 4.5 በመቶ ነበሩ። በ2018 የታተመ የካናዳ ጥናት ደግሞ ኢንፍሉዌንዛ በላቦራቶሪ ከተረጋገጠ በኋላ ባሉት 7 ቀናት ሃርት አታክ የመከሰት ዕድሉ 6 እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ «ቫይረስ አለ» ማለት «ሃርት አታክ የለም» ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ለዚያ የሚያሰጋው ሳምንት ያ ነው።

ለማን ይታዘዝ

ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) በሚያጥርበት ቦታ ለተኛ ሁሉ በየቀኑ ማዘዝ ብክነት ነው። ትንፋሽ ያጠራቸው፣ ኦክስጅን የፈለጉ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ የልብ ምታቸው የተዛባ ወይም ግፊታቸው የወረደ ይቅደሙ። የደረት ውጋት እስኪናገሩ አይጠበቅ። ብዙ አረጋውያን ሃርት አታክ ይዟቸው ደረታቸውን አያማቸውም፤ ድንገት ይደነግዛሉ፣ ይወድቃሉ፣ ምግብ ይዘጋቸዋል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል። «እማማ፣ ልቤን ሲሉ የቱ ጋ ነው? እስቲ እጅዎን ያሳርፉበት» ይባሉ። እጃቸው እንብርት በላይ ቢያርፍም ጨጓራ ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ኢሲጂ ይነሣላቸው። ጫት ይቅሙ እንደሆነም በአክብሮት ይጠየቁ፤ ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ስለሚጨምር የተጎዳ ልብን ያስጨንቃል።

ዕድሜ በትክክል መያዝም ለውጤቱ ንባብ ያስፈልጋል። ወሎ ውስጥ የልደት ዓመታቸውን የማያውቁ አዛውንት ብዙ ናቸውና «በስድሳ ስድስቱ ድርቅ ጊዜ አግብተው ነበር ወይስ ልጅ ነበሩ?» ብሎ መነሣት ይሻላል። በ1966 ዓ.ም. 26 ዓመት የነበራቸው ሰው በ2017 ዓ.ም. 77 ሞልቷቸዋል። ካርዱ ላይ በግምት «60» ከተጻፈ ግን ከዚህ በታች የሚመጣው የኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ (የልብ ድካም የደም ምርመራ) መለኪያ ይሳሳታል።

ናሙናው

ግሉኮስ ወይም ሌላ ፈሳሽ በሚወርድበት ክንድ ደም አይቀዳ። ማሰሪያው ከ1 ደቂቃ በላይ አይቆይ። ደሙ በቀጭን መርፌ በጉልበት ተስቦ ቱቦ ውስጥ ከተገፋ ቀይ ሴሎች ይፈነዳሉ፤ የቀላ ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) ደግሞ ከሁለቱ የትሮፖኒን ዓይነቶች ትሮፖኒን ቲን ዝቅ፣ ትሮፖኒን አይን እንደ ኪቱ ዓይነት ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። እንዲህ ያለ ናሙና ተጥሎ እንደገና ይቀዳ።

በተራ ቀይ ክዳን ቱቦ የተቀዳ ደም ሴንትሪፊዩጅ (ደሙን አሽከርክሮ የሚለይ ማሽን) ከመግባቱ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቆሞ ይርጋ። ሄፓሪን የጀመሩ ታካሚዎች ደማቸው ለመርጋት ከዚህም በላይ ይቆያል። በችኮላ ሲሽከረከር ዓይን የማያያቸው የፋይብሪን (ደም የሚያረጋው ፕሮቲን) ክሮች ሴረሙ ውስጥ ይቀራሉ፤ የውሸት ከፍተኛ ውጤት ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ከበሽተኛው ሁኔታ ጋር የማይገጥም ውጤት ሲወጣ ላቦራቶሪው ያንኑ ናሙና እንደገና አሽከርክሮ ይለካው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ማሽኑ ኳሊቲ ኮንትሮል (በትክክል መለካቱን የሚያረጋግጥ ሙከራ) ሳይሠራለት የታካሚ ናሙና አይግባበት።

የሰዓት ጉዳይ

በእኛ አገር ውጤቱን ከሚያበላሹ ነገሮች ይህን የሚያህል የለም። ነርሷ የመጀመሪያውን ናሙና የቀዳችበትን «3:10» ብላ ትጽፋለች፤ ከጠዋቱ ማለቷ ነው። ሁለተኛውን ላቦራቶሪው በማሽኑ ሰዓት «12:15» ብሎ ያትመዋል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6:15 ነው። ማታ የሚረከበው ሐኪም በመካከላቸው 9 ሰዓት ያለፈ ይመስለዋል፤ ያለፈው ግን 3 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው። ዋርዱ አንድ አቆጣጠር ይምረጥ፤ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለው ቃልም አይዘለል። የሚጻፈው ደሙ የተቀዳበት ሰዓት እንጂ ውጤቱ የታተመበት አይደለም።

ሁለቱን ቁጥሮች ማንበብ

በመጀመሪያ አሃዱ ይታይ። 0.04 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ማለት 40 ናኖግራም በሊትር ነው። ከሐይቅ ወይም ከአቀስታ ከተማ ሪፈር የተባሉ ታካሚ በአንዱ አሃድ ተለክተው ደሴ ሲደርሱ በሌላው ቢለኩ፣ ያልጨመረ ነገር ሺህ ጊዜ የጨመረ ሊመስል ይችላል። አሃዱ ቢቀየር እንኳ በሁለት ኪቶች የተለኩ ቁጥሮች አይነጻጸሩም፤ ትሮፖኒን አይና ትሮፖኒን ቲ ደግሞ ፈጽሞ አይቀላቀሉም። በሽተኛው ከደረሱ በኋላ በአንድ ማሽን ሁለት ጊዜ ይለኩ።

በከፍተኛ ጥራት በሚለካ ማሽን ሁለተኛው ናሙና ከመጀመሪያው 3 ሰዓት በኋላ፣ በተለመደው ኪት 6 ሰዓት በኋላ ይቀዳ። በመስመር ብቻ «አለ» ወይም «የለም» የሚል ፈጣን ኪት መጠን ስለማይናገር መጨመርና መቀነስን አያሳይም፤ መጀመሪያ «የለም» ካለም ከ6 ሰዓት በኋላ ይደገም።

በከፍተኛ ጥራት የሚለካው ትሮፖኒን ቲ መነሻ ወሰኑ 14 ናኖግራም በሊትር ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከወሰኑ በላይ ከሆነ ከ20 በመቶ በላይ መለወጡ ይፈለግ። ለምሳሌ የ76 ዓመት እናት፣ ክሬያቲኒናቸው (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) 1.9፣ ትሮፖኒናቸው 38 ሆኖ ከ3 ሰዓት በኋላ 41 ቢመጣ ለውጡ 8 በመቶ ገደማ ነው። ይህ በኩላሊት፣ በቆየ ግፊት ወይም በልብ ድካም ምክንያት የነበረ ጉዳት ይመስላል፤ ለአደጋ ተጋላጭ መሆናቸውን ቢናገርም የዛሬ ሃርት አታክ አይደለም። ቁጥሩ ከ22 ወደ 61 ቢዘል ግን ዛሬ የሚጎዳ ልብ አለ። ሕመሙ ከጀመረ የቆየ ሰው ላይ ቁጥሩ ጫፍ ደርሶ ለጥ ሊል ስለሚችል ግን «አልተለወጠም» ከመባሉ በፊት የሕመሙ መነሻ ቀን ይጠየቅ።

ቢጨምርም ሃርት አታክ ለማለት የደም እጦት ምልክት አብሮ መኖር አለበት፦ የደረት ውጋት፣ አዲስ የኢሲጂ ለውጥ ወይም በኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የታየ አዲስ የልብ ግድግዳ እንቅስቃሴ ጉድለት። ያለ እነዚህ ስሙ ድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳት ነው፤ ሕክምናውም መንስኤውን ማከም ነው።

ሌሎቹ ምርመራዎች

ሲኬ-ኤምቢ (ጡንቻ ሲጎዳ የሚወጣው የሲኬ ኢንዛይም ዓይነት) ትሮፖኒን ባለበት ብዙም አይጨምርልንም። ኢንፍሉዌንዛ ራሱ ጡንቻ ያቆስላል፤ መውደቅና የዲክሎፌናክ መርፌም ሲኬን ከፍ ያደርጋሉ። (ዲክሎፌናክ ለእነዚህ አዛውንት ከመጀመሪያውም ባይሰጥ ይሻላል፤ ኩላሊታቸውን ይጎዳል፣ ውኃም ያስቋጥራል። ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይበቃል።)

ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የልብ ድካምን ለመለየት ጥሩ ነው። ከ300 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ድንገተኛ የልብ ድካም የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ከ50 እስከ 75 ዓመት ላለ ሰው ከ900 በላይ፣ ከ75 በላይ ላለው ከ1800 በላይ ሲሆን ወደ ልብ ድካም ያጋድላል። የኩላሊት ሕመም፣ የተዛባ የልብ ምትና ከባድ ኢንፌክሽን ከፍ ያደርጉታል፤ ውፍረት ዝቅ ያደርገዋል። ዲ-ዳይመር (የረጋ ደም ሲሟሟ የሚወጣ ቅሪት) በእነዚህ በሽተኞች ሁሉ ስለሚጨምር የሚጠቅመው ዝቅ ሲል ነው። የሳንባ ደም መርጋት ጥርጣሬው አነስተኛ ወይም መካከለኛ ከሆነና ኪቱ በፋይብሪኖጅን አቻ አሃድ የሚለካ ከሆነ ዕድሜ በ10 ይባዛል፤ የ78 ዓመት ሰው ወሰን 780 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ይሆናል።

ከዚያስ ምን ይደረግ

ኢሲጂው በሁለት ጎረቤት ሊዶች (የኢሲጂ መስመሮች) ላይ ኤስቲ የሚባለው የንድፉ ክፍል ከፍ ማለቱን ካሳየ ሁለተኛ ትሮፖኒን አይጠበቅም። አለርጂ ወይም የሚፈስ ደም ከሌለ 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን ይኘክ፣ ሐኪም ይጠራ፣ ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካላለፈ ስለ ረጋ ደም ማሟሟቻ ወዲያው ይወሰን። ከደሴ አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ስለሆነ የሪፈር ውሳኔ ለነገ ራውንድ አይቆይም።

ኤስቲ ሳይነሣ ቁጥሩ ከጨመረ ልቡን የሚያስጨንቀው ይፈለግ፦ የኦክስጅን ማነስ፣ ደም ማነስ፣ ግፊት መውረድ፣ በጣም የፈጠነ ምት፣ ትኩሳት። የኦክስጅን ሙሌት ሲነበብ ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለች ይታሰብ፤ የጤነኛ ሰው ሙሌትም እዚያ ከቆላው ትንሽ ዝቅ ይላል። የቀድሞው ሙሌታቸው በካርዱ ላይ ካለ ከእሱ ጋር ይነጻጸር። ግፊቱ ወርዶ የአንገት ደም ሥር ካበጠ ወይም ሳንባው ሥር ፈሳሽ ከተሰማ የቫይረስ የልብ ጡንቻ ብግነት ይጠርጠር፤ ሊትር ሙሉ ፈሳሽ በአንዴ ማውረድ እንዲህ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል። ኢኮ ቶሎ ይሠራላቸው። አዚትሮማይሲን ወይም ሌላ ኪውቲን (በኢሲጂው ላይ የሚለካ የልብ ምት የጊዜ ርዝመት) የሚያረዝም መድኃኒት ከተጀመረ ፖታሲየም ይለካ፤ ኪውቲሲው (ለምት ፍጥነት የተስተካከለው ኪውቲ) ከ500 ሚሊ ሴኮንድ ካለፈ መድኃኒቱ ይቁም።

ሲወጡ ሁለቱም ቁጥሮች ከነአሃዳቸው፣ ከነኪታቸው ዓይነትና ከተቀዱበት ሰዓት ጋር በመውጫ ወረቀቱ ላይ ይጻፉ፤ የኢሲጂው ቅጂም ይያያዝ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ «የድሮ ነው ወይስ አዲስ?» ለሚለው መልሱ እዚያ ነው። ለአስታማሚው «አብሽር» ካልን በኋላ በግልጽ እንንገረው፦ የልብ ጡንቻ ብግነት የነበረባቸው ቢያንስ ለ3 ወር እርሻና ሸክም አይቅረቡ፣ ጫትም ይቅርባቸው፤ የግፊትና የስኳር መድኃኒት በጾም ምክንያት በራሳቸው አያቋርጡ፤ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ እግራቸው ካበጠ፣ ራሳቸውን ከሳቱ ወይም ድንገት ግራ ከተጋቡ ሌሊትም ቢሆን በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይምጡ።