እንግዳው በሚቀጥለው እሑድ እንዲመለስ

ስለ አጥቢያ እድገት ሲወራ ነገሩ ቶሎ ወደ መድረክ፣ ወደ ድምፅ መሣሪያ፣ ወደ ትልቅ ኮንፈረንስ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጡት መካከል ማን ተመለሰ? ስሙን የሚያውቅስ አለ?

ከቡራኬ በኋላ ያለችውን አሥር ደቂቃ ልብ ብላችሁ እዩ። ነባሮቹ ክብ ሠርተው ይሳሳቃሉ። አዲሷ እህት በሩ አጠገብ ቆማ፣ ማንም ሳይደውልላት ስልኳን ትነካካለች። አንድ ሁለቴ ቀና ትላለች። ከዚያ ትሄዳለች። ስብከቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቤቷ ይዛ የምትገባው ብቻዋን መቆሟን ነው።

እዚች ላይ ጀምሩ። ሦስት አራት ሰው ምረጡና አደራ ስጧቸው፦ በእነዚያ ደቂቃዎች ከጓደኛ ጋር ወሬ የለም፣ የአገልግሎት ጉዳይም የለም፣ የማያውቁትን ሰው ፈልገው ሰላም ይላሉ። ተጫዋች የሆኑትን ብቻ አትምረጡ፤ ረጋ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ብዙ ከሚያወራው ይሻላል። ስም ይጠይቁ፣ እንግዳው ሲሄድ ይጻፉት። በሳምንቱ በስሙ ሲጠራ ፊቱ እንዴት እንደሚፈታ ታያላችሁ። ጳውሎስ እንኳ በሮሜ መልእክቱ መጨረሻ ከ20 በላይ ሰዎችን በየስማቸው ሰላም ብሏል።

እንግዶችን አስቁሞ ማስጨብጨብ ግን ቢቀር ደስ ይለኛል። በፍቅር እንደሚደረግ አውቃለሁ። ነገር ግን ስንቱ ሐዘኑን ወይም ጥያቄውን ይዞ፣ ማንም ሳያየው ከኋላ ሊቀመጥ ነው የመጣው።

አቀማመጡንም እዩ። በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ላደረገው ጥሩ ቦታ ይሰጠዋል፣ ያደፈ ልብስ የለበሰው ወደዚያ ቁም ይባላል። ይህ ዛሬም በአንድ አስተናጋጅ እጅ ምልክት ብቻ ሊደገም ይችላል።

በሳምንቱ መሃል አንድ አጭር ስልክ ይደወል። «እንዴት ሰነበትክ? የምንጸልይልህ ነገር አለ?» በቃ። ስለ አሥራትና ስለ አባልነት አሁን አይነሳ።

መሪው ይህን ሁሉ ብቻውን ልሥራ ካለ ግን አይዘልቅም። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ሲዳኝ ያየው አማቱ ዮቶር፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆች እንዲሾም መከረው። እኔን የሚገርመኝ የአሥር አለቃው ነው። አንድ ሰው ከልቡ ሊከታተል የሚችለው ያንኑ ያህል ይመስለኛል። የቤት ለቤት ኅብረታችሁ 25 ከደረሰ ጥግ ይዘው ዝም የሚሉት በዝተዋል፤ ሳትሳሱ ክፈሉት።

ቅሬታ ሲመጣም አትቆጡ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መበለቶች በዕለቱ እደላ ተዘነጉ የሚል ማጉረምረም ሲነሳ፣ ሐዋርያት ዝም በሉ አላሉም፤ 7 ሰዎች አስመረጡ። የደቀ መዛሙርት ቁጥር እጅግ በዛ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥቂት ወር የቆየውን ሰው ደግሞ ትንሽ ሥራ ስጡት፣ ወንበር መደርደርም ቢሆን። አብሮ ወንበር ያነሳ ሰው ሳያስበው ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራው ማውራት ይጀምራል።

በወሩ መጨረሻ ከሽማግሌዎች ጋር ስትቀመጡ የስም ዝርዝሩን አውጡ። የጠፋ ሰው ካለ፣ ማን እንደሚደውልለት ሳትወስኑ አትነሱ።