ከኳርተርባክነት ወደ ኮሌጅ አሰልጣኝነት፦ መንገዱን የሚያበላሹ ስህተቶች

በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ የሚወረወርበት የአሜሪካኖቹ ጨዋታ) ስመ ጥር ከሆኑት አሰልጣኞች ብዙዎቹ በተጫዋችነት ዘመናቸው ኳርተርባክ፣ ማለትም የቡድኑን ጥቃት ሜዳ ላይ የሚመራው ተጫዋች፣ ነበሩ። አይገርምም። ኳርተርባክ ኳስ ወርዋሪ ብቻ አይደለም። አብረውት የተሰለፉት አሥሩ ሰዎች ምን እንደሚሠሩም ማወቅ አለበት። ግን ይህ እውቀት በራሱ አሰልጣኝ አያደርግም። በዚህ መንገድ የሄዱትን ሰዎች ታሪክ ስታዩ እነዚሁ ስህተቶች ደጋግመው ይመጣሉ። አሜሪካ ውስጥ ልጁ ፉትቦል የሚጫወት ወላጅም ቢያውቃቸው አይጎዳም።

ስምን እንደ ልምድ መቁጠር

የገነነ ስም የመጀመሪያውን በር ያስከፍታል። ከበሩ ወዲያ ያለውን ሥራ ግን አይሠራም። ጂም ሃርቦን እንውሰድ። የፕሮፌሽናል ሊጉ የኤንኤፍኤል ቡድን ቺካጎ ቤርስ በ1987 በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በመጀመሪያው ዙር የመረጠው ኳርተርባክ ነው። ኤንኤፍኤል ውስጥ እየተጫወተ ሳለ፣ ከ1994 ጀምሮ አባቱ ጃክ ለሚያሰለጥነው ዌስተርን ኬንታኪ ያለ ደመወዝ ረዳት ሆነ። ሥራው ተጫዋች መመልመል ነበር። ስልክ መደወል፣ ወላጅ ማግባባት፣ ማንም ያልፈለገውን ልጅ ፈልጎ ማግኘት። ገንዘብ አጥሮት ሊዘጋ ደርሶ የነበረው ያ ቡድን በ2002 በእርከኑ የአገር ሻምፒዮን ሆነ።

ዋና አሰልጣኝነትንም የጀመረው በ2004 በሳን ዲዬጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትምህርት ቤቱ ለፉትቦል ስኮላርሺፕ እንኳን አይሰጥም። በሦስት ዓመት 29 ጊዜ አሸንፎ 6 ጊዜ ተሸነፈ። ስታንፎርድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተጫወተበትን ሚሺጋንን የ2023 ሻምፒዮን ያደረገው ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ። ትንሽ ቦታ ማለት ስህተት ሠርቶ ማረም የሚቻልበት ቦታ ማለት ነው፤ ትልቁ ጋ ይህ ዕድል የለም።

መጫወቱን አልለቅም ማለት

ሊንከን ራይሊ በቴክሳስ ቴክ ያለ ስኮላርሺፕ ቡድኑን የተቀላቀለ ኳርተርባክ ነበር። አሰልጣኙ ማይክ ሊች ቡድኑ ውስጥ ቦታ እንደማይኖረው ነግሮት ረዳት እንዲሆን ጠየቀው። ጊዜው 2003 ነው፤ ልጁ ገና ሃያ ዓመት ገደማው። እሺ አለ። በ33 ዓመቱ የኦክላሆማ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ኳርተርባኮቹ ቤከር ሜይፊልድና ካይለር መሪ በ2017 እና በ2018 ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማን ሽልማት ተከታትለው ወሰዱ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሦስት ዓመት ቢቆይ ኖሮ የሚያገኘው ማሊያ ብቻ ነበር።

የሚያውቁትን ማስረዳት አለመቻል

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። የታላላቅ ተጫዋቾች ወጥመድም ነው።

ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ተከላካዮች ከኋላ ራቅ ብለው ቆመዋል እንበል። ኳሱ ሲነሳ አንደኛው ወደ ፊት ይወርዳል፣ ሌላው ወደ መሀል ይገባል። አሁን ክፍት የሚሆነው ቦታ ሌላ ነው። ልምድ ያለው ኳርተርባክ ይህን ሳያስበው ያውቀዋል። እጁ ይቀድማል። ያው ሰው አሰልጣኝ ሆኖ የ19 ዓመት ልጅ ፊት ቪዲዮውን ይከፍትና «አየኸው አይደል?» ይላል። ልጁ ራሱን ይነቀንቃል። ግን አላየውም።

ከሁለቱ ተከላካዮች የትኛውን ይመልከት? ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ በስንተኛው እርምጃ ላይ ይወስን? የመጀመሪያው ተቀባይ ከተዘጋ እግሩን ወዴት ያዙር? አሰልጣኙ ይህን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ካልነገረው ልጁ የሚማረው መገመትን ነው። ከ2024 ጀምሮ በከፍተኛው የኮሌጅ እርከን አሰልጣኝ በራስ ቁር ሬዲዮ ከአንድ ተጫዋች ጋር መነጋገር ይችላል። ሬዲዮው ግን ኳስ ለማስነሻ ከተሰጠው ጊዜ 15 ሰከንድ ሲቀር ይዘጋል። ተከላካዩ ቦታውን ሲቀይር ልጁ ብቻውን ነው። በሳምንቱ ያልተማረውን በዚያች ቅጽበት ማንም አይነግረውም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ከአጥቂ መስመር አሰልጣኙ ጎን ቁጭ ብሎ ኳርተርባኩን የሚጠብቁት አምስቱ ሰዎች የሚማሩትን መማር። ኳርተርባክ የነበረ ሰው ጀርባውን ማን እንደሚጠብቅለት ያውቃል፤ እንዴት እንደሚጠብቅ ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

መከላከልን ለሌላ ሰው መተው

ጥቅምት 2016፣ ሉበክ ከተማ። የቴክሳስ ቴኩ ፓትሪክ ማሆምስ በአንድ ጨዋታ ኳስ በመወርወር 734 ያርድ አስገኘ። በሩጫ ያገኘው ሲጨመር 819 ያርድ ሆነ። ይህ ሁሉ ሆኖ ቡድኑ በኦክላሆማ 66 ለ 59 ተሸነፈ! አሰልጣኙ ክሊፍ ኪንግስበሪ ራሱ የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ኳርተርባክ ነው። ማጥቃትን ያውቃል፣ በዚህ ማንም አይከራከረውም። መከላከሉ ግን በዚያ ዓመት ከአገሪቱ ግርጌ ነበር። ኪንግስበሪ በ2018 ሲሰናበት ውጤቱ 35 ድልና 40 ሽንፈት ነበር። ዋና አሰልጣኝ የቡድኑ ግማሽ አይገባኝም ማለት አይችልም። በዚያ ጨዋታ የተጋጣሚውን የኦክላሆማን ጥቃት ያንቀሳቅስ የነበረው ራይሊም ቢሆን ኋላ ላይ በዩኤስሲ (ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) በዚሁ ጉዳይ ተቸግሯል። በ2023 የመከላከል ኃላፊውን እስከማሰናበት ደርሷል።

ወደ ቤት መቸኮል

ስኮት ፍሮስት በ1997 ኔብራስካ የአገር ሻምፒዮንነትን ከሌላ ቡድን ጋር ሲካፈል ኳርተርባኩ ነበር። በ2017 ዩሲኤፍን (ሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲን) ያለ አንድ ሽንፈት ለ13 ድል አበቃው። ወዲያው ኔብራስካ ጠራው፣ ሄደ። 16 ድል፣ 31 ሽንፈት፣ በመስከረም 2022 ስንብት። በ2021 ከገጠሙት ዘጠኝ ሽንፈቶች ሁሉም ከአሥር ነጥብ ባነሰ ልዩነት ነበሩ። ወደ ቤት መመለስ ሁልጊዜ ይበላሻል እያልኩ አይደለም። ስቲቭ ስፐሪየር ወደ ተጫወተበት ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ በ1996 ሻምፒዮን አድርጓታል። እሱ ግን አስቀድሞ በዩኤስኤፍኤል የፕሮፌሽናል ሊግ፣ ከዚያም በዱክ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ዓመታት ሠርቷል። ፍሮስት ከኔብራስካ በፊት በዋና አሰልጣኝነት የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ያንሳል ብዬ አምናለሁ።

መባረርን እንደ መጨረሻ ማየት

ጆሽ ሃይፕል ኦክላሆማን በ2000 ሻምፒዮን ያደረገ ኳርተርባክ ነው። እዚያው ጥቃቱን ሲመራ ቆይቶ ከ2014 የውድድር ዘመን በኋላ ተሰናበተ። ቦታውን የያዘው ያ ራይሊ ነው። በገዛ ቤትህ መባረር ያማል። ሃይፕል ግን አላኮረፈም፤ አነስ ወዳለው ዩታ ስቴት ሄዶ ያንኑ ሥራ ሠራ። ከዚያ ሚዙሪ። ከዚያ በ2018 በዩሲኤፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በ2021 ቴነሲ ወሰደው። በጥቅምት 2022 ቴነሲ አላባማን 52 ለ 49 ሲያሸንፍ በአላባማ እጅ በተከታታይ 15 ዓመት የዘለቀው ሽንፈቱ አበቃ።