ከኬሞ በኋላ የሚመጣን የመርሳት ችግር እንዴት እንያዘው?

አክስቴ ለጡት ካንሰር የታዘዘላትን ኬሞ ጨርሳ ደሴ ከገባች በኋላ አንድ ከሰዓት ቡና አፈላች። ቆላች፣ ወቀጠች፣ ጀበናውን ጣደች። አቦሉን ስትቀዳ የወረደው ፍል ውሃ ብቻ ነበር፤ የተወቀጠው ቡና ሙቀጫው ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። "ቀልቤን ተቀማሁ" ብላ አለቀሰች።

እብደት አይደለም፤ ዓይነ ጥላም አይደለም። ካንሰር የታከመ ሰው ላይ በብዛት የሚታይ ነገር ነው። የሰው ስም ይጠፋል፣ ቃል አፍ ላይ ይቀራል፣ ሁለት ሥራ ባንዴ መያዝ ያቅታል። ኬሞ ብቻ ሳይሆን የሆርሞን መድኃኒት፣ ጭንቅላት ላይ የሚሰጥ ጨረርና ካንሰሩ ራሱም ያመጡታል። ብዙ ሰው ህክምናው ካበቃ በኋላ በወራት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ለዓመታት ይቆያል።

መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት መዝግቡ፤ ምን ተረሳ፣ በስንት ሰዓት፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ነበር ወይ፣ የትኛው መድኃኒት ተወስዶ ነበር። እኛ ወሎዬዎች ሐኪም "እንዴት ነሽ?" ሲለን "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ብለን መውጣት ይቀናናል። ደብተሩ ግን ያየውን ይናገራል።

ቀጥሎ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምራችሁ፣ በፌስታል ያዙ። የማቅለሽለሽ፣ የህመም ማስታገሻና የእንቅልፍ መድኃኒቶች ራሳቸው ሊያደነዝዙ ይችላሉ፤ ሐኪሙ ሳያውቅ ግን አታቋርጡ። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ሆርሞን መቀነስና የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ይታከማሉም። ድብርትና ጭንቀት ካለም ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ትኩረትን ክፉኛ ይሰርቃሉ። ይህን መርሳት እንደሚያድን የተረጋገጠ ኪኒን ስለሌለ "ለማስታወስ" እየተባለ በሚሸጥ ነገር ገንዘባችሁን አትጨርሱ።

በደብተር የማይጠበቅ ነገርም አለ። ድንገተኛ ግራ መጋባት፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአንደበት መያያዝ፣ ትውከት ያለበት ከባድ ራስ ምታት ወይም መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ በኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰም፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁም ነገ እናያለን አትበሉ።

ሐኪሙ ከፈቀደ በእግር መሄድ ልመዱ። ግቡ በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ በአሥር ደቂቃ ይጀመራል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ደሙ ያነሰ ሰው ዳገት ቶሎ ይጥለዋል። ወደ ጦሳ ተራራ ከማቅናት በፊት ሜዳ ሜዳውን ይሁን። እንቅልፍንም ጠብቁ፤ የማታ ቡናና ጫት ይቅሩ።

ቤቱንም አብራችሁ አስተካክሉ። ቁልፍ፣ መነጽርና ስልክ አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጡ። ኪኒኑ ሰባት ክፍል ባለው ሳጥን ይደልደል፣ ሰዓቱን የስልክ ደወል ያስታውስ። ከባዱ ሥራ ጠዋት ሰውነት ሳይደክም ይሠራ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመር። ሰው ሲያወራ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ሰኞ ገበያ ሲኬድ የሚገዛው በወረቀት ይጻፍ። ቤተሰቡ ደግሞ "አሁን ነግሬሽ አልነበር?" የሚለውን ይተው፤ ልብ ይሰብራል፣ ማስታወስም አያመጣም። እንደ አዲስ በአጭሩ መናገር ይበቃል።

አክስቴ ፊደል ስላልቆጠረች ወረቀቱ አልሆናትም። የራሷን መላ አበጀች። የጀበናውን ውታፍ ቡና የሚወቀጥበት ሙቀጫ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ጀበናው ተጥዶ ውታፉን ፍለጋ እጇን ስትሰድ ቡናው ላይ ያርፋል።