ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ የዛንዚባርን የኮራል ሪፍ ለማየት የሚደረግ ዝግጅት

ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባር የሚደረገው ቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እኔ ከምኖርበት ከኮዬ ፈጬ ፒያሳ ደርሶ መመለስ አንዳንድ ቀን ከዚህ ያላነሰ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ርቀቱን የሚያማርር ሰው ሲገጥመኝ ይገርመኛል። የደገኛን የባሕር ዕረፍት የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከመሄዱ በፊት ያልሠራው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከግማሽ በላይ የሚያወራው ቤት ውስጥ ስለሚሠራው ዝግጅት ይሆናል።

ወሩን መምረጥ

በዛንዚባር ትልቁ ዝናብ ማሲካ ይባላል፤ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ይዘንባል። ትንሹ ዝናብ፣ ቩሊ የሚሉት፣ በኅዳር አካባቢ ይመጣል። እኛ በሐምሌና በነሐሴ የኮንዶሚኒየሙን ጭቃ በቦቲ ስንሻገር እዚያ በጋ ነው፤ ትምህርት ቤትም ዝግ በመሆኑ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። በእነዚህ ወራት ኩሲ የተባለው የደቡብ ነፋስ ስለሚበረታ ምሥራቁ ዳርቻ ሞገድ ይበዛበታል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ካስካዚ የተባለው የሰሜን ነፋስ ይነፍሳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ውኃውም ይሞቃል። ፍልሰታን የሚጾም ሰው መስጋት አይገባውም፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ መሰል ጥራጥሬ፣ ሩዝና አትክልት የአገሬው የዘወትር ምግብ ነው። የደሴቲቱ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ ጉዞው ረመዳን ላይ ከዋለ ቀን ቀን በአደባባይ አለመብላት፣ በማንኛውም ወር ደግሞ በስቶን ታውን (በአሮጌው ከተማ) መንገዶች ትከሻንና ጉልበትን ሸፍኖ መሄድ ተገቢ ነው።

ወረቀቱን ማሟላት

በቅድሚያ ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆኑ ይታያል። ከዚያ በኋላ፣ ዛንዚባር የታንዛኒያ ክፍል በመሆኗ፣ የታንዛኒያ ቪዛ በኢንተርኔት ይጠየቃል፤ መልሱ ሊዘገይ ስለሚችል ማመልከቻውን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ማስገባት፣ የማይመለስ የሆቴል ክፍያም ቪዛው ሳይወጣ አለመክፈል ይመረጣል። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር የክትባቱ ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ጊዜ የተወጋ ሰው ካርዱ ዕድሜውን ሙሉ ያገለግለዋል። ስለ ወባ መከላከያ ኪኒን ደግሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚጠብቃት ነዋሪዋ ወባን ይረሳል። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ የደሴቲቱን የጉዞ መድን እንዲገዛ ግዴታ ተጥሏል፤ ዋጋው ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ብር ከአገር ውጭ ስለማይመነዘር ፓስፖርቱንና የአውሮፕላን ቲኬቱን ይዞ ባንክ መሄድ የሚገባው በመጨረሻው ቀን አይደለም። ዕቃ ሲታሰር ፌስታል መተው ያስፈልጋል፤ በዋናው የታንዛኒያ ምድርም በዛንዚባርም የተከለከለ ነው።

በሳፋ ልምምድ መጀመር

ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር አድገናል፤ ይህን ማመን ቀዳሚው እርምጃ ነው። ሪፉን፣ ማለትም ኮራል ባሕር ውስጥ የሚገነባውን ድንጋይ መሰል ግንብ፣ ከላይ ለማየት ጎበዝ ዋናተኛ መሆን አያስፈልግም፤ ፊትን ውኃ ውስጥ ደፍቶ በአፍ ረጋ ብሎ መተንፈስ ግን ግድ ነው። ይህ ደግሞ በሳፋ ይለመዳል።

በመጀመሪያ ማስኩ ይለካል፦ ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ማስኩን ፊት ላይ አስቀምጦ በአፍንጫ አየር ሲስቡ ማስኩ ተጣብቆ ከቀረ ልክ ነው፤ ከወደቀ ሌላ ይፈለጋል። አዲስ ማስክ መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ስስ ነገር ስላለው ቶሎ ጉም ይለብሳል፤ በጣት የጥርስ ሳሙና ደጋግሞ ማሸትና ማጠብ ይረዳል። ቀጥሎ ውኃ በመጣበት ቀን ትልቁ የልብስ ሳፋ ይሞላል፤ ማስክና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ፣ ተንበርክኮ ፊትን መድፋት ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሃያ ሰከንድ በላይ አልቻልኩም ነበር፤ ደረትን የሚያስጨንቀው የአየር ማነስ ሳይሆን መቸኮል መሆኑን የተረዳሁት በሦስተኛው ቀን ነው። በረንዳው ላይ ደፍቼ ያየችኝ ጎረቤታችን እትዬ «ልጄ፣ ማዞር ነው?» ብላ ሎሚ ይዛ መጥታለች። አምስት ደቂቃ ያለ ጭንቀት መቆየት ሲቻል ወደ መዋኛ ገንዳ መሄድ ይቻላል፤ እዚያ በሆድ መንሳፈፍና ቱቦው ውስጥ የገባን ውኃ በአንድ ኃይለኛ ትንፋሽ መትፋት ይለመዳል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ለጀማሪ አይመከሩም፤ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች በመሆናቸው ከዳር ጥቂት ሲርቁ ወዲያው ይጠልቃሉ።

የባሕሩን ሰዓት ማወቅ

ማረፊያ ሲመረጥ ከክፍሉ ፎቶግራፍ ይልቅ የባሕሩ መሙላትና መጉደል ይቅደም። በምሥራቁ ዳርቻ በፓጄና በጃምቢያኒ ውኃው ሲጎድል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸሻል፤ የባሕር አረም የሚያለሙ ሴቶች በዚያ ሰዓት በእግራቸው ወርደው ሲሠሩ ይታያሉ፤ ሊዋኝ የመጣ እንግዳ ግን እስኪሞላ መጠበቅ አለበት። በሰሜን ጫፍ በኑንግዊና በኬንድዋ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል፤ የምኔምባ ደሴት ሪፍም በጀልባ ቅርብ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ እጅግ ስለሚሰፋ፣ ቀኑን ከጨረቃ ጋር ማስላት ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ አገር ሰው እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በሰዓትም በኩል እኛ እድለኞች ነን፦ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ፣ ባለ ጀልባው «ሳ ታቱ አሱቡሂ» ካለ የእኛው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው።

ሪፉ ላይ

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የተባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት በአካላቸው ውስጥ የሚኖሩ አልጌዎች (ዕፅ መሰል ረቂቅ ሕዋሳት) በፀሐይ ብርሃን የሚያዘጋጁላቸውን ምግብ እየተመገቡ፣ ከሥራቸው የኖራ ቤት እየገነቡ ያድጋሉ። የባሕሩ ሙቀት ከወትሮው የበጋ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል አልፎ ለሳምንታት ከቆየ አልጌዎቹን ያስወጡና ነጭ ይሆናሉ፤ በ1998 እ.ኤ.አ. በሕንድ ውቅያኖስ ሰፊ ቦታ ላይ ይህ ደርሷል። እንደ ጭንቅላት የደደሩት ዓይነቶች በዓመት የሚያድጉት በሚሊ ሜትር የሚቆጠር በመሆኑ፣ ደክሞት አንድ ጊዜ የቆመባቸው እንግዳ የብዙ ዓመት ሥራ ይሰብራል።

ስለዚህ ከጀልባ ከመውረድ በፊት ባለ ጀልባው በምን እንደሚቆም ይጠየቅ። እኔን የወሰደኝ ሰው መልሕቁን በቀጥታ ሪፉ ላይ ጣለው፤ ቅርንጫፉ ሲሰበር የሰማሁት ውኃ ውስጥ ሆኜ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሕሩ ላይ አስቀድሞ በታሰረ ተንሳፋፊ ላይ ካልታሰረ ወይም አሸዋ ላይ ካልቆመ ጀልባ ጋር አልዋዋልም። የነፍስ አድን ጃኬት መልበስ አያሳፍርም፤ እንዲያውም የለበሰ ሰው ሲደክመው የሚቆምበት ስለማይፈልግ ኮራሉ ይድናል። ብቻን አለመግባት፣ ማስኩ ውስጥ ምራቅ አሽቶ ማለቅለቅ፣ እጅን ሰብስቦ መያዝ፣ ዓሣ አለመመገብ ያስፈልጋል። ጀርባ ስለሚቃጠል እጅጌው ረጅም የመዋኛ ሸሚዝ ከየትኛውም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይሻላል፤ ቅባት የግድ ከሆነ ኮራልን ይጎዳል የሚባለው ኦክሲቤንዞን የሌለበት፣ በዚንክ ኦክሳይድ የተሠራ ይመረጣል። ጥልቀት በሌለበት በኩል ሲኬድ ሶሉ የጠነከረ የውኃ ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጥቁር እሾሃም የባሕር ጃርት ይበዛል።

ዓሣን እያሳደዱ መዋኘት ጀማሪዎች ሁሉ የሚሠሩት ስሕተት ነው። አንድ ትልቅ ኮራል መርጦ ከላዩ አሥር ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ሲንሳፈፉ የሸሸው ሁሉ ይመለሳል። ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ዓሦች ከስንጥቁ እየወጡ መልቀም ይጀምራሉ፤ በቀቀን ዓሣ የሚባለውም ኮራሉን በጥርሱ ሲፍቅ ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ያህል ይሰማል። ዓሣው የፈጨው ኮራል በኋላ አሸዋ ሆኖ ይወጣል፤ ዳር ላይ የምንተኛበት ነጭ አሸዋ ከፊሉ የእርሱ ሥራ ነው።

የመመለሻው ቀን

ከውኃው በላይ በቱቦ ለሚንሳፈፍ ሰው ልዩ ጥንቃቄ የለም። በአየር ጋን የጠለቀ ሰው ግን ካንድ ጊዜ በላይ ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ መብረር የለበትም፤ በደሙ የሟሟው ናይትሮጅን ግፊት ሲቀንስ አረፋ ይሠራልና። ሌላው መንገደኛ ከአውሮፕላን ሲወርድ ወደ ባሕር ጠለል ከፍታ ይመለሳል፤ እኛ ግን የምንወርደው ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፣ ይህም በበረራ ላይ ካለው የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እምብዛም አይለይም። ቤቱ ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ሱሉልታ የሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይወጣል። በዚህ ምክንያት መጥለቁን በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጨረስ፣ የመጨረሻውን ሙሉ ቀን ለስቶን ታውን መተው፣ ማታም ፎሮዳኒ የአትክልት ቦታ ሄዶ ከፍም ላይ የተጠበሰ ዓሣ መብላት ነው። ዛጎልና የኮራል ስባሪ ከሚሸጡ ሰዎች ግን ምንም አይገዛም፤ ከባሕሩ የተነቀለ ስለሆነና በአየር ማረፊያም ሊወረስ ስለሚችል።