በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ ለማወቅ ፈጣኑን ልጅ ማየት ብዙም አይጠቅምም። እሱ መምህር ባይኖርም ይሮጣል። ከኋላ የሚቀረውን ልጅ ተከታተሉት። ስንት ደቂቃ ተንቀሳቀሰ? ኳስ ስንቴ ነካ? ከታች ያሉት ስህተቶች ከማንም በላይ የሚጎዱት እሱን ነው።

ረጅም ሰልፍ

በብዛት የሚታየው ይሄ ነው። አንድ ኳስ፣ አንድ ሰልፍ፣ 30 ተማሪ። ሒሳቡን እንሥራው። ለእያንዳንዱ ልጅ 20 ሰከንድ ብንሰጥ ተራው ተመልሶ እስኪደርሰው 10 ደቂቃ ይፈጃል። በ40 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ የሚንቀሳቀሰው 80 ሰከንድ ብቻ ነው ማለት ነው። የቀረውን ቆሞ ያሳልፈዋል። ይሄ ስፖርት አይባልም!

መፍትሔው ክፍሉን ከአራት እስከ ስድስት ልጆች ባሏቸው ቡድኖች መከፋፈል ነው። ኳስ ካነሰ አንዱ ቡድን በኳስ ሲሠራ ሌላው ገመድ ይዝለል፣ ሌላው ፑሽ አፕ ይሥራ፣ ሌላው በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ ይለማመድ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፊሽካ ሲነፋ ቦታ ይቀያየራሉ። ጨዋታ ሲሆንም ሦስት ለሦስት ይሁን። በ11 ለ11 ግጥሚያ ዓይን አፋሩ ልጅ ኳሷን ሳይነካት ሊወጣ ይችላል። ሦስት ለሦስት ሲሆን ግን ኳሷ ራሷ ትመጣለታለች።

የተነካ የሚወጣበት ጨዋታ

መጀመሪያ የሚወጣው ማን ነው? ቀርፋፋው ልጅ። እንቅስቃሴ በጣም የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ ዳር ተቀምጦ ሌሎቹን ያያል። የተነካው ወደ ተቃራኒው ቡድን ይግባ። ጨዋታው ይቀጥላል፣ ማንም አይቀመጥም።

እንቅስቃሴን ቅጣት ማድረግ

«አርፍደሃል፣ ሜዳውን አምስት ዙር ሩጥ!» ልጁ ከዚህ የሚማረው ሩጫ ቅጣት መሆኑን ነው። እባካችሁ ይሄን ተዉት። ጥፋትን ማረሚያ ሌላ መንገድ አይጠፋም።

የአካል ብቃት ፈተናን የማርክ ውድድር ማድረግ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ አለ፤ በድምፅ ምልክት የሚመራው። የተለመደው ዓይነቱ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጀምርና በየደቂቃው 0.5 እየጨመረ ይሄዳል። የልብንና የሳንባን አቅም ለመገመት ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ውጤቱን በክፍሉ ፊት ጮክ ብሎ ማንበቡና በደረጃ ማርክ መስጠቱ ላይ ነው። በ13 ዓመት አንዱ ልጅ ጉርምስናውን አጋምሷል፣ ሌላው ገና አልጀመረም። ዕድሜያቸው እኩል ነው፣ ሰውነታቸው ግን አይደለም። እንዲህ ሲሆን ማርኩ የተሰጠው ቀድሞ ለማደግ እንጂ ለጥረት አይደለም።

ልጁን ከራሱ ጋር አወዳድሩት። ለኩት፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አሠሩት፣ ከዚያ መልሳችሁ ለኩት። በመሀል ልምምድ ከሌለ መፈተኑ ምን ይረባል? ውጤቱንም ለባለቤቱ ብቻ ንገሩት።

ሰውነት ሳይሞቅ ማሳሳብ

ቀስ ያለ ሩጫ፣ ጉልበት ከፍ እያደረጉ መራመድ፣ ክንድ ማዞር ይቅደም። አንድ ቦታ ቆሞ ጡንቻን ረዘም ላለ ጊዜ ማሳሳብ ለመጨረሻው ይቆይ።

በክፍለ ጊዜው ብቻ መተማመን

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከዚያ በላይ ጫና ያለው እንቅስቃሴ ይመክራል። ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን። በሳምንት አንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይህን አይሞላም። ስለዚህ ልጁ ብቻውን የሚሠራውን አስተምሩት። የልብ ምቱን ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ይልመድ። ፑሽ አፕ ካቃተው ግድግዳ ተደግፎ፣ ቀጥሎ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ እንዴት እንደሚጀምር አሳዩት። መካከለኛ ጫና ሲባል እየሠሩ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት መሆኑን ንገሩት። የቤት ሥራም ስጡት፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ምን እንደሠራ ጠይቁት።